በመስኮት የተጫወትነው ፌስቲቫል

ወደ እኛ ብሎክ ውሃ የሚመጣው ማክሰኞና ቅዳሜ ነው። ማክሰኞ ያመለጠው ቅዳሜን ይጠብቃል፤ ቅዳሜም ያመለጠው የጎረቤት በር ያንኳኳል። እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ። ጉልበቴ ከከዳኝ ወዲህ ሃያ ሊትሩን ጀሪካን ትቼ በአምስት ሊትሩ ነው የምመላለሰው፤ አንዱን ይዤ ወጥቼ፣ በየፎቁ ቆሜ ተንፍሼ፣ ሁለተኛውን ለመቅዳት ስወርድ ግማሽ ጠዋት ያልፋል። ባለፈው ቅዳሜም ቧንቧው ሥር ጎንበስ ብዬ ጀሪካኔ እስኪሞላ ስጠብቅ ነበር ከኋላዬ «ደምሴ አኮርዲዮን!» የሚል ድምፅ የሰማሁት።

በዚህ ስም የሚጠራኝ ሰው ልደታ ውስጥ የለም። እዚህ ኮንዶሚኒየም እኔ «አባባ» ነኝ፤ ስሜን የሚያውቁት የብሎኩ ኮሚቴና ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ብቻ ናቸው። ዞር ሳልል ማን እንደሆነች አወቅኩ። እውነቱን ልናገርና፣ እዚህ ግቢ መግባቷን ካወቅኩ ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ዳቦ ለመግዛት ከመውረዴ በፊት በረንዳዬ ላይ ቆሜ ግቢውን እቃኛለሁ፤ ነጭ ፀጉሯን ካየሁ ዳቦው ይቀራል። ያን ቀን ግን ግማሽ የሞላ ጀሪካን ትቼ የት እሄዳለሁ?

«ጋሽ ደምሴ» አለች ብርሃኔ። «ሁለት ሦስቴ አይቼህ ነበር፤ ዞር ብለህ ትሄዳለህ።»

«ዓይኔ ደክሟል» አልኩ።

«ይሁና። ወርቁ አረፈ። ዋሽንት ነፊው ወርቁ። ትላንት ቀበርነው። ለቅሶው አብነት ነው፣ እቤቱ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥቼ እወስድሃለሁ።»

«ጉልበቴ እኮ...»

«ቀስ እያልን ነው የምንሄደው» አለችና ጀሪካኗን ቧንቧው ሥር ደቀነች። የእኔ ሞልቶ ጫማዬ ላይ ይፈስ ነበር።

ያን ቀን ዘጠኝ ሰዓት እስኪደርስ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ያሰብኩትን ነው አሁን የምጽፈው። ስሞቹን ቀይሬያለሁ፤ የእኔንም ጭምር። ለምን እንደቀየርኩ መጨረሻ ላይ ይገባችኋል።

ከበረንዳዬ የልደታ ማርያም ጉልላት ይታያል፤ ከወዲያ ደግሞ ጠበቆች ፋይላቸውን በብብታቸው ሸጉጠው የሚጣደፉበት ፍርድ ቤት። ቁልቁል ስመለከት መኪና ማቆሚያው አለ። እዚያ፣ አሁን ነጩ ቪትዝ የሚቆምበት ቦታ ላይ፣ የእኔና የባለቤቴ የዘውድነሽ ቤት ነበር። ጭቃ ቤት፣ ቆርቆሮ ክዳን። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ አኮርዲዮን መለማመድ አይታሰብም፤ ዝናቡ ያሸንፈኛል። እሱ እስኪያባራ ሳጥኔን ጭኔ ላይ አስቀምጬ አደምጣለሁ። ግቢያችንን የምንጋራው አምስት አባወራ ነበርን፤ አንድ ቧንቧ፣ አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ አንድ ሬዲዮ። ሬዲዮው የእኛ ስለነበር እሁድ ከሰዓት ሁሉም ዱካውን ይዞ እኛ ደጃፍ ይሰበሰባል። ከልደታ ፒያሳ በውይይት ታክሲ፣ ጉልበት ለጉልበት ተጋጭተን ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ በሃያ አምስት ሳንቲም እንሄድ ነበር። ሰንጋ ተራ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ከታች ሰፋ ያለ ሱሪ በስምንት ብር ይሰፋል፣ ጨርቁን ካመጣህለት። ሱሪው መንገድ እየጠረገ ነበር የሚሄደው። እናቴ ስታየኝ «ልጄ፣ የቀበሌን መጥረጊያ አተረፍክ» ትለኛለች። ቴትሮን ሸሚዝ፣ ጆሮ የሚሸፍን ፀጉር፣ ሽቶ እንኳ ነበረኝ፤ ከአብነት ሱቅ በጠብታ የሚሸጥ።

የባህል ቡድናችን የሚለማመደው ሰንጋ ተራ አንድ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ነበር። ከብት መሸጡ ከቆመ ቆይቷል፤ ዝናብ ሲዘንብ ግን መሬቱ የከብት ሽታውን መልሶ ያወጣዋል። ብርሃኔ ድምፃዊት ነበረች፤ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቷ፣ ቀጭን፣ ማይክራፎን የማያስፈልጋት። ተካ ማሲንቆ ይጫወታል። ወርቁ ዋሽንት ይነፋል፤ ከብርሃኔ ቢበልጥ በአንድ ዓመት ነው። የአብነት ልጅ ነው፤ ተቀምጦ ሲያወራ እንኳ ጣቶቹ ጭኑ ላይ የማይታይ ዋሽንት ይደፍናሉ ይከፍታሉ። አንዲት ልጅ ታጭታለት ነበር። ሌሎችም ነበሩ፤ ከበሮ መቺዎች፣ ተወዛዋዦች። በዕድሜ እኔ እበልጣቸዋለሁ፤ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር፤ ባለትዳርና የልጅ አባት ስለሆንኩ «ጋሽ ደምሴ» ይሉኛል። በባህል ቡድን ውስጥ አኮርዲዮን ምን ይሠራል ብሎ የሚጠይቅ ሲመጣ ወርቁ «ጋሽ ደምሴ ራሱ ባህል ነው» ብሎ ያስቅ ነበር።

አንድ ቀን አለቃችን ጓድ በላቸው አንድ ወረቀት ይዞ ገባና «ስኮትላንድ ልንሄድ ነው» አለ። እዚያ አገር አንድ የባሕር ዳርቻ ከተማ ውስጥ የሴልቲክ ሙዚቃ ፌስቲቫል የሚባል አለ፤ ዋናው የራሳቸው የአገሬው ሙዚቃ ነው፣ ግን በየዓመቱ ከሩቅ አገር አንድ ቡድን በእንግድነት ይጠራሉ። ዘንድሮ ዕጣው ለእኛ ወጣ። ጓድ በላቸው «ኬልቲክ» እያለ ያነበዋል፤ ብርሃኔ ደግሞ «ሴልቲክ ነው» ትላለች፣ እንግሊዝኛ ከሁላችን የተሻለች ናትና። ፌስቲቫሉ እስኪደርስ ሁለቱ በዚህ ሲከራከሩ ከረሙ። እዚያ ስንደርስ ግማሹ ሕዝብ ኬልቲክ፣ ግማሹ ሴልቲክ ይላል፤ አልታረቁም።

ከመሄዳችን በፊት እያንዳንዳችን ዋስ ጠራን። የእኔ ዋስ የዘውድነሽ አባት ነበር፤ የተካ ታላቅ ወንድሙ። ጣታቸውን በሰማያዊ ቀለም ነክረው ፈረሙልን። ከመንግሥት መጋዘን ግራጫ ካፖርት ታደለን፤ ሁሉም አንድ ቁጥር ስለሆነ የብርሃኔ እጅ እጅጌው ውስጥ ጠፋ፣ የእኔ ደግሞ ክርኔ ላይ ቀረ። አውሮፕላን ውስጥ እነዚያን ካፖርቶች ለብሰን ተደርድረን ስንቀመጥ የአንድ ማሳደጊያ የሙት ልጆች እንመስል ነበር።

ከተማዋ ድንጋይ ናት። ቤቱ ድንጋይ፣ መንገዱ ድንጋይ፣ ሰማዩም ድንጋይ። ያረፍነው ኮረብታ ላይ ባለ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው፤ ተማሪዎቹ ለዕረፍት ሄደው አልጋዎቹን ለእኛ ለቀቁልን። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ረጅም ኮሪደር፣ ግራና ቀኝ ክፍሎች፣ መስኮቶቹ ሕፃናት እንዳይወድቁ ብረት ተደርጎባቸዋል። ከኮሪደሩ ወደ ደረጃው የሚያወጣው በር አንድ ብቻ ነው፤ ወፍራም፣ ጥቁር እንጨት።

የመጀመሪያው ቀን ሰልፍ ነበር። ዘፋኙ፣ ዳንሰኛው፣ ከበሮ መቺው ሁሉ በከተማዋ ዋና መንገድ እየተጫወተ ያልፋል። ከፊታችን ቀሚስ የለበሱ ወንዶች ነበሩ፤ ብብታቸው ሥር አቁማዳ የሚያህል ከረጢት ይዘው፣ ከረጢቱን በክንዳቸው እየጨመቁ ከላዩ በተተከሉት ቱቦዎች የሚጮሁ። ባግፓይፕ ይባላል። መጀመሪያ ስንሰማው ጆሯችንን ያዝን፤ ሁለተኛውን ስንሰማ ወርቁ እግሩን መምታት ጀመረ። ዝናቡ ግን አያቋርጥም። የሀገር ልብሳችን በስብሶ ሰውነታችን ላይ ተለጠፈ፤ የተካ ማሲንቆ ጭራ ውሃ ጠጥቶ ላላና እንደ ጉንፋናም ሰው አጉረመረመ። ሕዝቡ ግን ወደደን። አሮጊቶች ከየበሩ ወጥተው በፎጣ ፊታችንን ያብሱናል።

ከሰልፉ በኋላ አንድ ትልቅ ድንኳን ውስጥ ገብተን ስንደርቅ፣ ዝናቡ የአኮርዲዮኔን አንድ ድምፅ ዘግቶት አገኘሁ። ሳጥኑን ከፍቼ ስተክዝ አንድ ሽማግሌ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ። እሱም አኮርዲዮን ተጫዋች ነው። ስሙ አንገስ ነው ሲለን ሳቅን፤ በዚያ ዘመን እኛ አገር «አንግሥ» የሚመስል ስም መጥራት ራሱ ያስጠይቃል። አንገስ ምንም ሳይናገር ከኪሱ ትንሽ ቢላዋና ሰም አወጣና የላላችውን ድምፅ አውጪ ብረት ምላስ ቦታዋ መልሶ አጣበቀልኝ። ከዚያ የእሱን አንስቶ አንድ ነገር ተጫወተ። እኔ መለስኩለት። ቋንቋ አንድም የለንም፤ አንድ ሰዓት ያህል ግን አወራን።

ሁለተኛው ቀን በምሳ ሰዓት ተካ ጠፋ። ማሲንቆውን አልጋው ላይ አጋድሞ ጋቢውን አልብሶት ነው የሄደው፤ የተኛ ሰው ይመስል ነበር። ፓስፖርታችን በሙሉ ጓድ በላቸው ቦርሳ ውስጥ ስለነበር ተካ ያለ አንዳች ወረቀት ነው የወጣው። ጓድ በላቸው ጋቢውን ገልጦ ማሲንቆውን ሲያይ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ይቆጣል ብለን ስንጠብቅ ጋቢውን አጣጥፎ አስቀመጠው። ለኤምባሲው ስልክ ደወለ። በአካል ቀርበህ አስረዳ አሉት። በባቡር ሄዶ ለመመለስ አንድ ቀን ሙሉ ይፈጅበታል፤ ያ ቀን ደግሞ የፌስቲቫሉ መዝጊያ፣ እኛ በትልቁ መድረክ ላይ የምንጫወትበት ቀን ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሊሄድ ሲል ኮሪደሩ ጫፍ ጠራኝና የዚያን ጥቁር በር ቁልፍ መዳፌ ላይ አስቀመጠው።

«ዝግጅቱ ተሰርዟል። እስክመለስ ማንም አይወጣም።»

«ለምን እኔ፣ ጓድ በላቸው?»

«ከሁሉም በላይ የምትመለስለት ያለህ አንተ ነህ» አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጅህ ስንት ዓመቷ ነው?»

«ሂሩት? ሦስት።»

«እግዜር ያሳድግልህ» አለኝ። ጓድ በላቸው እግዜርን ሲጠራ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ወርዶ ሲሄድ ከመስኮት አየሁት፤ እሱም ያንኑ ግራጫ ካፖርት ነበር የለበሰው፣ እሱንም አልበቃውም።

ሰው እስረኛ ሆኖ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ሲሆን ምን እንደሚመስል ከእኔ በቀር የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። በሩን ከውስጥ ቆለፍኩት። ባልደረቦቼ መጀመሪያ ቀለዱብኝ፤ «ጓድ ደምሴ» አሉኝ። ቀልዱ ረፋድ ላይ አለቀ። ከታች ከከተማዋ የከበሮው ድምፅ ይመጣል፤ ነፋሱ ሲዞር ባግፓይፑ ይቀርባል ይርቃል። አንዱ አልጋው ላይ ተጋድሞ ጣሪያ ያያል፣ ሌላው ኮሪደሩን ከጫፍ ጫፍ ይራመዳል። ቆጠርኩት፣ ሃምሳ ሁለት እርምጃ ነው። ወርቁ መስኮቱ ብረት ላይ ግንባሩን ተክሎ ቀረ። ስለ እጮኛው ሊያስብ ይችላል ብዬ አስቤ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር በእነዚያ ሦስት ቀናት ስሟን ሲያነሳ አልሰማሁም። የሚያወራው ስለ ተካ ነበር። «አሁን የት ደርሶ ይሆን? ባቡር ተሳፍሮ ይሆን?» ይላል።

ከቀትር በኋላ የፌስቲቫሉ ሰዎች መጡ። በር አንኳኩ፣ ተጣሩ። ብርሃኔ በመስኮት «ታመናል» ብላ መለሰችላቸው፤ እንድትል ያዘዝኳት እኔ ነኝ። ደንግጠው ሄዱና በድስት ሾርባ ይዘው ተመለሱ። ሾርባውን ደጃፉ ላይ አስቀምጠው እስኪርቁ ጠብቄ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ድስቱን አስገባሁ። ያን ሾርባ ማንም አልነካውም። እኔም።

ከዚያ አንገስ መጣ። አኮርዲዮኑን ደረቱ ላይ አንግቷል፤ ከኋላው ሁለት ቫዮሊን የያዙ ሴቶችና አንድ ባግፓይፕ ነፊ አሉ። የታመመ ሰው ሊጠይቁ የመጡ ናቸው፤ ጠያቂ እኛ ጋ ብርቱካን ይዞ እንደሚመጣ እነሱ ሙዚቃ ይዘው መጡ። ሣሩ ላይ፣ በመስኮታችን ትክክል ቆመው አንድ ዝግ ያለ ዜማ ጀመሩ። ወርቁ ራሱን ከብረቱ ላይ አነሳ። «ጋሽ ደምሴ፣ ስማ! ትዝታ እኮ ነው! ቅኝቱ ትዝታ ነው!» ብሎ ጮኸ። እውነትም አምስቱ ድምፆች አንድ ናቸው። ዋሽንቱን በብረቶቹ መሀል አሾልኮ መለሰላቸው። ከታች ቫዮሊኖቹ ቆም ብለው ሰሙትና ተከተሉት።

ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳደረገ አላስታውስም። ከበሮው ወደ መስኮቱ ተጎተተ። ተወዛዋዦቹ ኮሪደሩ ውስጥ እስክስታቸውን ወረዱ፤ ከታች የሚታየው ከደረት በላይ ብቻ ነው፣ እስክስታ ደግሞ ሌላ አይፈልግም። እኔም አኮርዲዮኔን አነገትኩ። ብርሃኔ ብረቱን በሁለት እጇ ጨብጣ ዘፈነች። ከመንገድ ሰው ይሰበሰብ ጀመር፤ የዝናብ ልብስ የለበሰ፣ ልጅ ትከሻው ላይ የተሸከመ፤ በኋላ ያ ሁሉ ሣር ሰው ሆነ። እንዲህ ተብሎ የታቀደ መስሏቸው ነበር። በመስኮት የሚጫወተውን ቡድን ብልሃት አድንቀው አጨበጨቡልን። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተጫውቼ አላውቅም። አንድ ሰው እንኳ መቆለፋችንን አልጠረጠረም።

አንዱን ዘፈን ጨርሰን ሌላውን ሳንጀምር ብርሃኔ መጥታ ፊቴ ቆመች። ላቧ ይንጠባጠባል።

«ቁልፉን ስጠኝ።»

«ብርሃኔ፣ አይሆንም።»

«ሣሩ ላይ ቆሜ አንድ ዘፈን ዘፍኜ እመለሳለሁ። ሣሩን ልርገጠው፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ዓይኗን አየሁት። «አይሆንም» አልኩ። ሄዳ መስኮቷ ጋ ቆመች፣ ግን ከዚያ በኋላ ድምፅ አላወጣችም።

ከታች ሰዉ «ውረዱ! ውረዱ!» የሚል ምልክት በእጁ ማሳየት ጀመረ። ወርቁ ያን ሲያይ ዋሽንቱን ጥሎ ወደ በሩ ሮጠ። ቀድሜው ደረስኩና ጀርባዬን በሩ ላይ አስደገፍኩ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ስለ ልደታ! ልቀቀኝ!»

«ወርቁ፣ አማቴ ለእኔ ዋስ ፈርመዋል። ሂሩት አለች።»

«እኔ ሂሩትን ምን አደረግኳት? ልቀቀኝ እላለሁ!»

በትከሻው ገፋኝ። አኮርዲዮኑ ደረቴ ላይ እንዳለ ስለነበር መሀላችን ተጨፍልቆ እንደ ሰው አቃሰተ፤ ረጅም፣ አስቀያሚ ድምፅ። ወርቁ ያን ድምፅ ሲሰማ ቆመ። ጥቂት ቆይቶ በሩ ሥር ቁጭ ብሎ ፊቱን ጉልበቱ ውስጥ ቀበረ። ሌሎቹ ኮሪደሩ ውስጥ ቆመው ያዩናል። ከውጭ ጭብጨባው ትንሽ ቆየና ሳሳ፤ ሰዉ ወደ ትልቁ መድረክ ወረደ። መጨረሻ የሄደው አንገስ ነው። ባርኔጣውን አንስቶ ወደ መስኮቱ እጅ ነሳና ቁልቁለቱን ወረደ።

ተመለስን። የተካ ወንድም ዋስ ነበርና ስምንት ወር ታሰረ። ይህን የምጽፈው ራሴን ለማጽዳት አይደለም፤ የሆነውን ነው። ያ ወንድም እስር ቤት ሳለ ሁሌ ማታ ሂሩትን ሳቅፍ «በሩን ብከፍት ኖሮ» እላለሁ፤ ጠዋት ልምምድ ገብቼ ወርቁን ሳየው ደግሞ ያንኑ ቃል እደግመዋለሁ፣ ትርጉሙ ግን ሌላ ነው። ክፉ የተናገረኝ ሰው አልነበረም። ስገባ ወሬው ይቆማል፣ ያ ብቻ ነው። ብርሃኔ ሰላምታዬን አትመልስም። ወርቁ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። ከበላይ የምስጋና ደብዳቤ ተጻፈልኝና የልብስ ክፍሉ ኃላፊ ተደረግኩ፤ ጡረታ እስክወጣ የሌሎችን ልብስ ሳጣጥፍ ኖርኩ። አኮርዲዮኔን ለአንድ የመዘምራን ቡድን ሸጥኩት። አንድ ቀን ዘውድነሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ከፍተህላቸው ቢሆን ኖሮ እኛ ምን እንሆን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። «አላውቅም» አልኳት። «እኔም አላውቅም» አለችና ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። ከዚያ ወዲህ አላነሳነውም። ከአብነት እዚህ የእግር መንገድ ነው፤ ወርቁን ግን ይህን ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ቤቱ ሄጄ «ይቅር በለኝ» አላልኩትም። ለጥምቀት እሄዳለሁ እላለሁ፣ ለፋሲካ እሄዳለሁ እላለሁ። ልክ እንደዚያ ኮሪደር፤ ጫፉ ድረስ እሄድና እመለሳለሁ።

ብርሃኔ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንኳኳች። ደረጃውን አንድ በአንድ ወረድን። መንገድ ላይ፣ ታክሲ ተራውን ካለፍን በኋላ፣ ሳልጠይቃት ተናገረች።

«ያን ቀን ሣሩን ረግጬ እመለሳለሁ ያልኩህ ውሸቴን ነው። የምታስጠጋኝ የአንዲት ሴት አድራሻ ጫማዬ ውስጥ ነበር።»

«አውቃለሁ» አልኩ።

«ማወቅህን አውቃለሁ። ለዚህ እኮ ነው ሰላምታ የነፈግኩህ። ዓይኔን አይተህ ስላወቅከኝ።»

ትንሽ ተራመድን። «ይቅር ብዬሃለሁ ልልህ አልመጣሁም» አለች ደግሞ። «ወርቁን በልብህ ብቻህን እንዳትቀብረው ብዬ ነው።»

«ዛሬ ለሚስቱ እነግራታለሁ» አልኳት። «እሱን ይቅርታ ሳልጠይቀው ሞተ። ቢያንስ እሷን እጠይቃለሁ። ባልሽን የያዝኩት እኔ ነኝ እላታለሁ።»

የአብነት መንገድ ጠባብ ነው፤ በብየዳ ቤቶቹና በአልጋ ሠሪዎቹ መሀል ሰው ሰውን እየገፋ ያልፋል። የዕድሩ ድንኳን መንገዱን ግማሽ ይዞ ተተክሏል። ወንዶች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል፤ ንፍሮ እየዞረ ነው። ከወርቁ ፎቶ ሥር ጥቁር የለበሰች፣ ፊቷ የደረቀ ሴት ተቀምጣለች፤ ግራና ቀኟ ሁለት ወንዶች ልጆቿና አንድ ሴት ልጇ። ያቺው እጮኛው ናት፤ ሙሉነሽ። ለሠርጋቸው አልጠሩኝም ነበርና በቅርብ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

«እግዜር ያጥናሽ» አለቻት ብርሃኔ አቅፋት። «ይህ ጋሽ ደምሴ ነው። ከእኛ ጋር የነበረው፣ አኮርዲዮን የሚጫወተው።»

ቃሉን መንገድ ላይ ሁሉ ስለማመደው ነው የመጣሁት። አፌን ከመክፈቴ በፊት ወይዘሮ ሙሉነሽ እጄን በሁለት እጇ ያዘችኝ።

«እርስዎ ነዎት ጋሽ ደምሴ? ቁልፉ የነበረው በእርስዎ እጅ ነው አይደል?»

«አዎ» አልኩ።

«እስቲ ለእነዚህ ይንገሩልኝ» አለች ወደ ልጆቿ እየጠቆመች። «አባታችሁ በሩ ተከፍቶለት ነበር፣ ውጣ ተብሎ ነበር፣ ፈረንጅ አገር መቅረት ሲችል እኔን ብሎ ተመለሰ እላቸዋለሁ። እሱም እስኪሞት ይሄንኑ ነው ሲነግረን የኖረው። እነሱ ግን አያምኑም።»

«አባባ እኮ ማጋነን ይወድ ነበር» አለች ሴት ልጇ እያለቀሰች ፈገግ ብላ።

ወደ ብርሃኔ ዞርኩ። መሬት መሬት ታያለች። ወይዘሮ ሙሉነሽ እጄን አልለቀቀችም፤ ዓይኗን ፊቴ ላይ ተክላ ትጠብቃለች። ያ የተለማመድኩት ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ብተፋው ለእኔ ይቀለኝ ነበር።

«ክፍት ነበር» አልኩ። «ወለል ብሎ ነበር የተከፈተው። እኔው ነኝ ከፍቼ የያዝኩለት። ውጣ ወርቁ፣ ማንም አያይህም አልኩት። ‹ሙሉነሽስ?› አለኝ። ከዚያ ተመልሶ ቁጭ አለ።»

ጥቁር ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች። ድምፅ ሳታሰማ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ልትስም ስትል ክንዷን ይዤ አነሳኋት። ሁለቱ ወንዶች ልጆች ተያዩ። ከአግዳሚው ላይ አንድ የማላውቀው ሽማግሌ ጠጋ ብሎ ቦታ ሰጠኝ፤ ተቀመጥኩ፤ ንፍሮ ዘገንኩ።

ተሰናብተን ስንወጣ ፀሐይ አልጠለቀችም ነበር። ልደታ ጋ መንገድ ለመሻገር መኪናው እስኪያልፍ ስንቆም ብርሃኔ ክንዴን ያዘችኝ።

«ከእንግዲህ እውነቱን ለማንም መናገር አትችልም፤ ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል።»

«እኔም አልችልም» አለች፤ ክንዴን ሳትለቅ ተሻገርን።